የላቦራቶሪ አንቲቦዲ ንግድና የአስመጪው ኃላፊነት

ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ዐውቆ መሸጥ እንደሚገባው ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ጨርቅ አስመጪው ጨርቁን በእጁ ዳስሶ፥ ቡና ላኪው ናሙናውን አስቆልቶና አስቀምሶ፥ ባለሱቁም የእህሉንና የቅቤውን ዓይነት በዓይኑና በአፍንጫው መርምሮ ይረከባል። ነገር ግን ወደ አገራችን ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል በዓይን የማይለይ፥ በእጅ የማይዳሰስ፥ በማሽተትም የማይታወቅ አንድ የሸቀጥ ዓይነት አለ። ይኸውም ለላቦራቶሪ ምርምር የሚያገለግለው አንቲቦዲና ፕሮቲን ነው። በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ የተቀመጠ፥ እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ነው። ዋጋው ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ የአሜሪካ ዶላር ሲሆን፥ በውስጡ ያለው ዋናው ነገር ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊግራም አንድ ዐሥረኛ አይበልጥም።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ አስመጪው ይህን ዕቃ በስሙ ብቻ ማዘዝ የለበትም። ከምን ምንጭ እንደ ተገኘና በምን ዘዴ እንደ ተፈተነ የሚያስረዳ ማስረጃ ሳይቀበል ገንዘብ መክፈል አይገባውም። ይህንንም ለማስረዳት አስቀድመን ዕቃው ምን እንደ ሆነና እንዴት እንደሚሠራ፥ ቀጥሎም ንግዱ በሌላው ዓለም ምን ዓይነት ጉዳት እንዳስከተለ፥ በመጨረሻም የእኛ ነጋዴ ምን ማድረግ እንደሚገባው እንገልጻለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንቲቦዲ በአማርኛ ፀረ እንግዳ አካል የሚባለው ነው። ሰውም ሆነ እንስሳ ባዕድ ነገር ወደ ሰውነቱ ሲገባበት፥ ያንን ባዕድ ነገር ለይቶ የሚይዝለት ፕሮቲን በደሙ ውስጥ ያዘጋጃል። መክፈቻ ከቁልፉ ጋር እንደሚገጥም የአንቲቦዲውም ጫፍ ከሚይዘው ነገር ጋር ይገጥማል። ተመራማሪዎች ይህን ጠባዩን ተመልክተው፥ በአንድ ሕዋስ ውስጥ ካሉት ብዙ ሺህ ፕሮቲኖች መካከል የሚፈልጉትን አንዱን ብቻ ለይተው ለማየትና ለመለካት ይጠቀሙበታል። አንቲቦዲው የሚፈለገውን ፕሮቲን ሲይዝ ከእርሱ ጋር የተያያዘው ቀለም ወይም ብርሃን ምልክት ይሰጣል። እንግዲህ ሚዛን ለነጋዴ የሚሰጠውን አገልግሎት አንቲቦዲ ለተመራማሪ ይሰጠዋል ማለት ነው። ሚዛኑ ከዋሸ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሒሳብ ሁሉ ይበላሻል።

የአሠራሩ መንገድ ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያውና የቆየው መንገድ የሚፈለገውን ፕሮቲን ለጥንቸል ወይም ለፍየል በመርፌ እየሰጡ፥ ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ከእንስሳው ደም ሴረም የሚባለውን ፈሳሽ መለየት ነው። ከዚህ የሚገኘው አንቲቦዲ የብዙ ዓይነት ቅልቅል ነው። እንስሳው በሞተ ጊዜ ያ ዕቃ ያልቃል፤ ከሁለተኛው እንስሳ የሚቀዳውም ከፊተኛው ጋር አንድ አይሆንም። ስለዚህ በአንድ ስምና በአንድ የካታሎግ ቁጥር የተሸጡ ሁለት ብልቃጦች እንደ ሁለት ወንድማማቾች መመሳሰል እንጂ አንድ መሆን አይችሉም።

ሁለተኛውን መንገድ በ1975 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ከተማ ጆርጅ ኬለርና ሴዛር ሚልስታይን አገኙት። እነዚህ ሊቃውንት ከአይጥ ጣፊያ አንቲቦዲ የሚሠራውን ሕዋስ ወስደው ያለ ማቋረጥ ከሚራባ የካንሰር ሕዋስ ጋር አዋሐዱት። ከዚህ የተገኘው ዲቃላ ሕዋስ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ለረጅም ጊዜ የሚያመርት ሆነ። ለዚህም ሥራቸው በ1984 ዓ.ም. ከኒልስ ዬርነ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ለነጋዴ የሚያስደንቀው ግን ግኝቱ የባለቤትነት ፓተንት ሳይወጣለት መቅረቱ ነው። መንገዱ ለሁሉ ክፍት ስለ ሆነ ብዙ ድርጅቶች ወደ ንግዱ ገቡ። ሆኖም እነዚህም ሕዋሳት ሕያዋን ናቸውና በጊዜ ብዛት ሊለወጡ፥ ወይም በማቀዝቀዣ ብልሽት ፈጽመው ሊጠፉ ይችላሉ።

ሦስተኛው መንገድ የአንቲቦዲውን ዘረ መል ቅደም ተከተል ፊደል በፊደል አንብቦ፥ ያንን ጽሑፍ በሌላ ሕዋስ ውስጥ በማስገባት ማምረት ነው። ለዚህም ቻይና ሐምስተር ከሚባለው የአይጥ ዘመድ የተገኙ ሕዋሳትና ከሰው ኩላሊት የተወሰዱ ሕዋሳት በብዛት ያገለግላሉ። የዚህ መንገድ ጥቅም ግልጽ ነው። የውሉ ዋና ቅጂ በመዝገብ ቤት እንደሚቀመጥ የአንቲቦዲውም ማንነት በጽሑፍ ተመዝግቦ ይኖራል፤ ሕዋሱ ቢጠፋ እንኳ ከጽሑፉ ተነሥቶ ያንኑ ዕቃ እንደ ገና ማምረት ይቻላል።

የተመረተው አንቲቦዲ ወዲያው ለገበያ አይቀርብም። ሕዋሳቱ ባደጉበት ፈሳሽ ውስጥ ምግባቸውና ሌላ ብዙ ፕሮቲን ስላለ መጣራት ያስፈልገዋል። በመጀመሪያ ፈሳሹ በፍጥነት በሚሽከረከር መሣሪያ ይዘቅጣል፤ ቀጥሎም ደቃቅ እንክብሎች በታጨቁበት ቱቦ ውስጥ ይንቆረቆራል። በእንክብሎቹ ላይ ፕሮቲን ኤ የሚባለው ነገር ተለጥፏል። ይህ ፕሮቲን መጀመሪያ የተገኘው ስታፊሎኮከስ አውሬየስ ከሚባለው ባክቴሪያ ሲሆን፥ ጠባዩም የአንቲቦዲን ግንድ ጨብጦ መያዝ ነው። አንቲቦዲው ሲያዝ የቀረው ሁሉ ታጥቦ ይወጣል። ከዚያም ፒኤች 3 ያህል የሆነ የአሲድ ውሃ ሲፈስበት አንቲቦዲው ይለቀቃል። በአሲድ ውስጥ እንዳይጎዳም ወዲያው አሲዱን የሚያበርድ ነገር ይጨመርበታል። ሌሎች ፕሮቲኖች ደግሞ ብዙ ጊዜ ኢ. ኮላይ በሚባለው ባክቴሪያ ውስጥ ይመረታሉ፤ ሂስቲዲን የሚባል አሚኖ አሲድ ስድስት ጊዜ ተደጋግሞ እንደ ጅራት ይቀጠልባቸውና ጅራቱ በኒኬል ላይ ሲጣበቅ ከሌላው ይለያሉ።

እዚህ ላይ ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ታላቅ ነገር አለ። ይህ ሁሉ ማጣራት በብልቃጡ ውስጥ ያለው ነገር አንቲቦዲ ብቻ መሆኑን ያረጋግጣል። አንቲቦዲው በስያሜው ላይ የተጻፈውን ፕሮቲን በእርግጥ የሚይዝ መሆኑን ግን አያረጋግጥም። ንጽሕናው ሌላ፥ ማንነቱ ሌላ ነው። በወረቀቱ ላይ «ንጽሕናው ከመቶ 95 በላይ» የሚል ቃል አይቶ የተደሰተ ገዢ ሁለተኛውን ጥያቄ ገና አልጠየቀም።

ይህ ጥያቄ ባለ መጠየቁ የደረሰውን ጉዳት የሚያሳይ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ የሚገኙት ሳይንቲስት ኤሌፍቴሪዮስ ዲያማንዲስና ባልደረቦቻቸው የጣፊያ ጎረቤት በሆነው ፓንክሪያስ በሚባለው ዕጢ ላይ የሚነሣውን ካንሰር በደም ምርመራ አስቀድሞ ለማወቅ ይሠሩ ነበር። ለዚህም ሲዩዚዲ1 የሚባለውን ፕሮቲን እለካለሁ የሚል፥ በገበያ የሚሸጥ የመመርመሪያ ኪት ገዙ። ውጤቱ መልካም መስሎ ስለ ታየ ሥራው ሁለት ዓመት ያህል ቀጠለ፤ ግማሽ ሚሊዮን ዶላርና ብዙ ሺህ የሕመምተኞች የደም ናሙናም ዐለቀበት። በመጨረሻ ተመርምሮ ሲታይ ኪቱ የሚለካው ሲኤ125 የሚባለውን፥ በእንቁላል ዕጢ ካንሰር የሚታወቀውን ሌላ ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ። ገንዘቡ ሊተካ ይችል ይሆናል። ሕመምተኞች ለተስፋ ብለው የሰጡት ደም ግን በከንቱ ፈሰሰ።

ይህ የአንድ ቤት ብቻ ችግር አይደለም። በ2015 ዓ.ም. አንድሩ ብራድበሪና አንድሪያስ ፕሉክቱን የተባሉት ሊቃውንት ከመቶ ከሚበልጡ ፈራሚዎች ጋር ሆነው ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፥ በመላው ዓለም በመጥፎ አንቲቦዲ ምክንያት በየዓመቱ 800 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚባክን ገምተዋል። የጠየቁትም አንቲቦዲ ሁሉ በዘረ መል ቅደም ተከተሉ እንዲታወቅና በዚያው መንገድ እንዲመረት ነው። በዚያን ጊዜ በገበያው ላይ ከ300 በላይ ሻጮች ነበሩ። አንዱ ያመረተውን ሌላው በራሱ ስያሜና በራሱ የካታሎግ ቁጥር መሸጡም በዚህ ንግድ የተለመደ ነው። ስለዚህ ከአንዱ ገዝቶ ያልሠራለት ተመራማሪ ከሌላው ሲገዛ ያንኑ ዕቃ ሁለት ጊዜ ሊከፍልበት ይችላል።

መፍትሔ የሌለው ነገር አለመሆኑን ደግሞ የሞንትሪያል ሥራ ያሳየናል። በዚያው በካናዳ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በ2019 ዓ.ም. አንድ የመፈተኛ ዘዴ አወጡ። አንቲቦዲው ይይዘዋል የተባለውን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረ መል ከሕዋስ ውስጥ ተቆርጦ እንዲጠፋ ይደረጋል። ደኅናው አንቲቦዲ በተለመደው ሕዋስ ላይ ምልክት ሲሰጥ፥ ዘረ መሉ በጠፋበት ሕዋስ ላይ ዝም ማለት አለበት። ይህም ሚዛን ባዶውን ሲሆን ዜሮ ላይ መቆሙን እንደ ማየት ያለ ነው። በዚህ ዘዴ 65 ፕሮቲኖችን እንዲይዙ የተዘጋጁ 614 የገበያ አንቲቦዲዎች ተፈትነው ውጤታቸው በ2023 ዓ.ም. ሲገለጽ፥ ከግማሽ የሚበልጡት ቢያንስ በአንድ ዓይነት አገልግሎት ወድቀው ተገኙ። በሦስተኛው መንገድ፥ ማለትም ከዘረ መል ጽሑፍ የተመረቱት ግን ከሌሎቹ የተሻሉ ሆኑ።

ለእኛ ለነጋዴዎች ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ዕቃዎቹን ለፈተና ያቀረቡት ሻጮቹ ራሳቸው ነበሩ። ውጤቱም በታወቀ ጊዜ ከወደቁት ዕቃዎች መካከል ከግማሽ የሚበልጡትን እንደ ገና መረመሩ፤ ብዙዎቹን ከገበያ አወጡ ወይም የአጠቃቀም መመሪያቸውን ለወጡ። ሻጭ የራሱን ዕቃ ጉድለት ሲያርም ገበያው አይጠላውም፤ እንዲያውም እምነት ይጨምርለታል። በአንጻሩም ጥያቄ የሚጠይቅ ገዢ ባይኖር ኖሮ እነዚያ ብልቃጦች እስከ ዛሬ በዚያው ስማቸው ይሸጡ ነበር።

አሁን ወደ አገራችን ጉዳይ እንመለስ። በ1970 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፥ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፥ በቢሾፍቱ ለከብቶቻችን ክትባት የሚያመርተው የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም፥ እንዲሁም ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚሠሩት ሥራ በሽታን ከማወቅና ከመከላከል ጋር የተያያዘ ነው። ለእንዲህ ያለው ሥራ ከውጭ የሚመጣ አንቲቦዲና ፕሮቲን ያስፈልጋል። ይህም የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። ከ2024 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ወዲህ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዶላር የምንከፍለው ብር ምን ያህል እንደ ጨመረ ለአንባቢዎቻችን መንገር አያስፈልግም። በባለጸጋ አገር ያለ ተመራማሪ ብልቃጡ ባይሠራለት በማግሥቱ ሌላ ያስመጣል። የእኛው ተመራማሪ ግን ጨረታውን፥ የምንዛሪ ፈቃዱን፥ የጉምሩኩን ሥራ እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስለዚህ የማይሠራ ብልቃጥ በእኛ ዘንድ የሚያደርሰው ጉዳት እጥፍ ድርብ ነው።

ከዚህም ሌላ ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር አለ። በብዙዎቹ ብልቃጦች ላይ «ለምርምር ብቻ የሚያገለግል» የሚል ቃል ተጽፎ ይገኛል። ይህ ቃል ለጌጥ የተጻፈ አይደለም። ዕቃው ለሕመምተኛ ምርመራ የሚጠየቀውን ፈተናና ፈቃድ ያላለፈ መሆኑን ይናገራል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ለክሊኒክ ምርመራ የሚሸጥ ባለሱቅ፥ ሳያውቅ ቢሆንም እንኳ፥ በሰው ሕይወት ላይ ይፈርዳል። ስለዚህ የላቦራቶሪ ዕቃ መደብር ያላችሁ ሁሉ የምርምሩንና የሕክምናውን ዕቃ በተለየ መደርደሪያና በተለየ መዝገብ እንድትይዙ አጥብቀን እናሳስባለን።

አንዳንድ ነጋዴዎች «እኛ ነጋዴዎች ነን እንጂ ሊቃውንት አይደለንም፤ ገዢው ያዘዘንን እናመጣለን» ይሉ ይሆናል። ይህ አነጋገር በመጠኑ እውነት አለበት፤ ዕቃው ለታሰበው ሥራ ተስማሚ መሆኑን በመጨረሻ መፈተን የተመራማሪው ድርሻ ነውና። ነገር ግን ቡና ላኪዎቻችን ምን እንደሚጠየቁ እናስታውስ። የውጭ አገር ገዢ «የይርጋጨፌ ቡና» የሚል ስም ስለ ተጻፈ ብቻ አይገዛም። ናሙና ይጠይቃል፤ ይቀምሳል፤ ደረጃውን ይመረምራል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ዓ.ም. ያወጣው የደን ጥበቃ ደንብ ደግሞ፥ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን እየተላለፈ ቢቆይም፥ ቡናው የበቀለበት መሬት በካርታ ላይ ተለይቶ እንዲታወቅ ያዝዛል። ሊቅ ያልሆነው ላኪ ይህን ሁሉ ማስረጃ እያሟላ ቡናውን ይልካል። እኛ ሻጮች ስንሆን የምንጠየቀውን ገዢዎች ስንሆን የማንጠይቅበት ምክንያት ምንድር ነው? ለአንድ ኩንታል ቡና መሬቱ ከተጠየቀ፥ ከዚያ በላይ ዋጋ ሊያወጣ ለሚችል ለአንድ ጠብታ ፈሳሽ ምንጩ ሊጠየቅ አይገባምን?

እንግዲህ አስመጪው ከማዘዙ በፊት ከሻጩ በጽሑፍ ሊቀበላቸው የሚገቡት ነገሮች እነዚህ ናቸው።

1ኛ. አንቲቦዲው ከሦስቱ መንገዶች በየትኛው እንደ ተመረተ፥ ከየትኛው እንስሳ ወይም ሕዋስ እንደ ተገኘ፥ የሕዋሱም መለያ ስም።

2ኛ. አምራቹ ሻጩ ራሱ መሆኑ ወይም ከሌላ ገዝቶ በራሱ ስያሜ የሚሸጥ መሆኑ።

3ኛ. የምርት ዙር ቁጥሩ፤ ደንበኛው አስቀድሞ ገዝቶ የሠራለት ዕቃ ከሆነ ከዚያው ዙር የተረፈ መኖሩ።

4ኛ. ለየትኛው የላቦራቶሪ ሥራ እንደ ተፈተነ፤ ዘረ መሉ በጠፋበት ሕዋስ ላይ ተፈትኖ ከሆነም የውጤቱ ሥዕል። ለአንዱ ሥራ የሚሆን አንቲቦዲ ለሌላው ላይሆን ይችላልና።

5ኛ. ዕቃው በተባለው ሥራ ላይ ባይሠራ ሻጩ ይለውጥ ወይም ገንዘቡን ይመልስ እንደ ሆነ።

ከዘረ መል ጽሑፍ የተመረተው በዋጋ ቢበልጥ እንኳ፥ ደንበኛው ለብዙ ዓመት ያንኑ ዕቃ ማግኘት የሚያስፈልገው ከሆነ፥ እርሱን እንዲመርጥ አስመጪው ቢመክረው መልካም ነው። በጨረታ ሰነድ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ ብቻ የሚጠይቁ መሥሪያ ቤቶችም ይህን ዐይነት ዕቃ ከወረቀትና ከእርሳስ ጋር በአንድ ሚዛን ባይመዝኑት ይሻላል።

የተመረጠው ዕቃ በደኅና ቢታዘዝም በመንገድ ሊበላሽ ይችላል። ከአያያዝ ይቀደዳል፥ ከአነጋገር ይፈረዳል እንደ ተባለው ነው። አንዳንዱ አንቲቦዲ በ4 ዲግሪ፥ አንዳንዱ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። እየቀዘቀዘ በረዶ ሆኖ እየቀለጠ ደጋግሞ ከተመላለሰ ኃይሉ ይደክማል። ብርሃን ከሚሰጥ ቀለም ጋር የተጣመረው ከብርሃን ሊሸፈን ይገባዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ አንዳንዱ ፈጽሞ በረዶ መሆን የለበትም። ስለዚህ አስመጪው የዕቃው ሰነድ ከዕቃው ቀድሞ እንዲደርሰው ማድረግ፥ ዕቃው ቅዳሜና እሑድ ወይም በበዓል ዋዜማ ቦሌ እንዳይደርስ ከሻጩ ጋር የሚላክበትን ቀን መስማማት፥ የጉምሩክ አስተላላፊውም ሣጥኑ ቀዝቃዛ ቦታ እንዲቆይ አስቀድሞ እንዲያስታውቅ ማዘዝ ይጠበቅበታል። ሣጥኑ ሲከፈት በረዶው ቀልጦ ከተገኘ ያንኑ ሰዓት በጽሑፍና በፎቶግራፍ ይመዝገብ፤ ነገሩን ሸፍኖ ማስረከብ ጉዳቱን ወደ ደንበኛው ማሻገር ነው።

የንግድ ምክር ቤታችንም በበኩሉ በዚህ ንግድ የተሰማሩትን አባሎች ከተመራማሪዎችና ከጉምሩክ ባለሥልጣኖች ጋር አንድ ቀን ቢያገናኝ፥ ከላይ የተዘረዘሩትን ጥያቄዎች የያዘ አንድ ዐይነት የማዘዣ ቅጽና የውል ናሙና ቢያዘጋጅ ትልቅ አገልግሎት ይሆናል። አንድ አስመጪ ብቻውን ሲጠይቅ የውጭው ሻጭ ቸል ሊለው ይችላል። ሁሉም በአንድ ቅጽ ሲጠይቁ ግን መልስ መስጠት የንግዱ ልማድ ይሆናል።

የአስመጪነት ሥራ ዕቃን ከአውሮፕላን አውርዶ በር ድረስ ማድረስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተሸካሚ ይበቃ ነበር። ነጋዴ ትርፍ የሚገባው ዕቃውን መርጦ፥ መርምሮና ጠብቆ ስለሚያቀርብ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የነጋዴም ስም የሚጸናው ከእርሱ የተገዛ ዕቃ ሥራ ላይ ሲውል ባለመዋሸቱ ነው። በላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠው ያቺ ትንሽ ብልቃጥ ከሻጩ ስም ጋር የእኛንም ስም ይዛ ትገባለችና፥ ከማዘዛችን በፊት የምንጠይቀውን ጠይቀን እንዘዝ።